ባንዱ የሌለበት ዜማ፦ የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴትና የነባር አድማጩ ቅሬታ

ዋልያስ ባንድን በአዲስ አበባ ሂልተን መድረክ ያጣጣመ አድማጭ፣ የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ሆኖ የሠራውን ካሴት ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው የሚያውቃቸውን ሰዎች ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የሞገስ ሀብቴን ሳክስፎን፣ የዮሐንስ ተኮላን ትራምፔት፣ የመላከ ገብሬን ቤዝ ይጠብቃል። አንዳቸውም የሉም። ዜማውን የያዘው አኮርዲዮን ነው፤ ከሥሩ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይደክም የሚመታ የምት ማሽን ይሰማል። ሁሉንም የሚጫወተው ኃይሉ ብቻውን ነው።

ይህ አድማጭ ካሴቱን ይወደዋል፤ ቅርም ይለዋል። ዜማዎቹ የራሱ ናቸው፣ አኮርዲዮኑም ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ይወደዋል። አንድ ሙሉ ባንድ ይቆምበት የነበረውን ቦታ ማሽን ይዞበታልና ቅር ይለዋል። ሥራው በ2013 እንደገና ከታተመ ወዲህ ስለ እሱ የጻፉ የውጭ ሃያስያን ይህን ቅሬታ ብዙም አያውቁትም፤ ከዋልያስ በፊት ያገኙት ይህን ካሴት ነውና የጎደለ ነገር መኖሩን የሚነግራቸው ትዝታ የላቸውም። በአገር ቤት ወግ ደግሞ ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ «ኪቦርድ ሙዚቃችንን ገደለው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ይቀራል። ሁለቱም ወገኖች የነባሩን አድማጭ ስሜት እስከ መጨረሻው አልሰሙትም።

የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ፣ ነባሩ አድማጭ አንድ ነገር መጉደሉን በትክክል ሰምቷል፣ ነገር ግን ጉድለቱን በሌላ ስም ጠርቶታል የሚል ነው። «ድምፁ ፕላስቲክ ሆነ» ይላል፤ «ቅኝቱ ተበላሸ» ይላል። ሁለቱም ቅሬታዎች ሲመረመሩ ብዙ አይጸኑም። የሚጸናው ሦስተኛውና እምብዛም የማይነገረው ነው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው እርስ በርስ የሚደማመጡ ተጫዋቾች ጠፍተዋል። የኃይሉ ካሴት ታላቅነትም፣ ይህን ጉድለት ለመሸፈን ባለመሞከሩ ላይ ነው።

መሣሪያን ሲለዋውጥ የኖረ ሙዚቀኛ

ኃይሉ የተወለደው በ1946 ነው። አዲስ አበባ የገባው በአሥር ዓመቱ ገደማ ሲሆን፣ አኮርዲዮንን በወጣትነቱ በራሱ ጥረት ተማረ፤ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍልም አልፏል። አኮርዲዮን በዚያን ጊዜ የዘመናዊው ዘፈን አጃቢ ነበር። ተሸካሚው የትም ይዞት ይሄዳል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ አንድ ሰው ዜማውንም አጀቡንም ይዞ አንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት መሙላት ይችላል። የኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ ግን አኮርዲዮን ቀስ በቀስ ከመድረኩ ወረደ። ኃይሉም ወደ ኦርጋን ተሻገረ። ዋልያስ በ1975 ባወጣው «ትዝታ» በተባለው ካሴትም ሆነ በ1977 በታተመው «ቼ በለው» ሸክላ አድማጭ የወደደለት፣ ያ ድምፁን የሚያርገበግብ፣ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ የሚያንጎራጉር ኦርጋን፣ በተራው አዲስ መጤ ቴክኖሎጂ ነበር።

ነገሩን ወደ ኋላ ብንገፋው እንኳ ከማሽን በፊት የነበረ ንጹሕ ዘመን አናገኝም። ትራምፔትና ትሮምቦን በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሕይወት ሥር የሰደዱት ከኢየሩሳሌም በ1924 በመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በአርባ ልጆች፣ እና በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን በኩል ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንን ከባሕር ማዶ ይዞ ሲመጣ መሣሪያው ለአገሬው ጆሮ እንግዳ ነበር፤ ይኸው ሙላቱ «ቼ በለው» ላይ በእንግድነት ሲጫወት ግን ከባንዱ የሚነጥለው ሰው አልነበረም። ዛሬ «የድሮው የኛ ድምፅ» የሚባለው ሁሉ አንድ ቀን ከመርከብ ወይም ከአውሮፕላን የወረደ ዕቃ ነው።

ዋልያስን ከሌሎች የለየው ግን የመሣሪያው ዓይነት አልነበረም። በጊዜው ብዙዎቹ ባንዶች የሚጫወቱት በሚቀጥራቸው ሆቴል ወይም ክበብ መሣሪያ ሲሆን፣ ዋልያስ የራሱን ገዝቶ በራሱ እግር የቆመ ባንድ ነበር። መሣሪያው የራሳቸው ሲሆን ልምምዱም፣ የዜማ ምርጫውም፣ የሚቀጥሉበት መንገድም የራሳቸው ሆነ። የሰዓት እላፊው ዘመን መጣ፤ በሩ ተዘግቶ ባንዱም ታዳሚውም እስከ ንጋት አብረው የሚያድሩባቸው ሌሊቶች ሆኑ። አንድ ባንድ ሌሊቱን ሙሉ፣ ዓመት ከዓመት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሲጫወት የሚያዳብረው መግባባት በልምምድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የነባሩ አድማጭ ጆሮ የተቃኘው በዚህ መግባባት ነው።

ዋሽንግተን፣ ከባንዱ በኋላ

በ1981 ዋልያስ ለትርዒት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ቀሩ። ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ በዋሽንግተን ዙሪያ እየተጫወተና ሙዚቃ እያጠና ቆይቶ፣ በ1985 በአንድ የሚያውቀው ሰው አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የተባለውን ካሴት ቀረጸ። ካሴቱ በመሪ ዜማው በ«ሸሞንሟናዬ» ይበልጥ ይታወቃል። «አምባሰል»፣ «ሽለላ»፣ «ወገኔ» ከሌሎቹ ዜማዎቹ መካከል ናቸው።

የምርጫውን ተቃርኖ ልብ ማለት ይገባል። ኃይሉ ወደ ስቱዲዮው የገባው የአኮርዲዮንን የጥንት ድምፅ መልሶ ለማምጣት ነው፤ ይህንንም በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች ተናግሮታል። አሮጌውን ድምፅ ለማምጣት የተጠቀመው ግን በጊዜው ከነበሩት አዳዲስ መሣሪያዎች አንዱን፣ ያማሃ ዲኤክስ7 የተባለውን ሲንተሳይዘር ነው። መሣሪያው ለገበያ የቀረበው በ1983 ሲሆን፣ መሠረቱ ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ የደረሰበት አንዱ ሞገድ የሌላውን ፍጥነት እየለዋወጠ አዲስ ድምፅ የሚፈጥርበት ዘዴ ነው። ስልሳ አንድ ቁልፎች አሉት፤ በአንድ ጊዜ አሥራ ስድስት ድምፅ ያወጣል። የደወል፣ የብርጭቆ፣ የብረት ጠባይ ያላቸውን ድምፆች አሳምሮ ይሠራል፤ የሰው ትንፋሽ ያለበትን ድምፅ ለማውጣት ግን ይቸገራል። ኃይሉ ትንፋሹን ለአኮርዲዮኑ ትቶ ደወሉንና ብረቱን ለማሽኑ ሰጠ። በካሴቱ ውስጥ ያለው የሥራ ክፍፍል ይህ ነው፤ የሥራው ጥበብም ከዚሁ ይጀምራል።

ሁለቱ ቅሬታዎች

የመጀመሪያው ቅሬታ ስለ ድምፁ ነው። ማሽኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ምቱ አይላወስም፣ ቤዙ ገመድ የለውም ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ልማድ የሚፈውሰው እውነት ነው። ዛሬ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ አድማጭ ያንኑ የ1980ዎቹ ሲንተሳይዘር ድምፅ ሲሰማ የሚሰማው ቅዝቃዜ ሳይሆን ናፍቆት ነው። የድምፅ እንግድነት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ያልቃል። ቦብ ዲላን በሐምሌ 1965 በኒውፖርት የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ የተነሣበትን ተቃውሞ፣ በቀጣዩ ዓመት በማንቸስተር ከታዳሚው መሐል «ይሁዳ!» ተብሎ የተጮኸበትን ምሽት፣ ዛሬ የሚያነሣው ሰው የታሪኩን ድምቀት እንጂ የጊታሩን ድምፅ እየወቀሰ አይደለም። ደግሞም በዲላን ላይ የተነሣው ቅሬታ የክህደት ነበር፤ አርቲስቱ ወገኑን ትቶ ወደ ገበያው ሄደ የሚል። የዋልያስ ወዳጅ ቅሬታ ሌላ ነው። ኃይሉ አልከዳውም። አብረውት የነበሩት ግን የሉም። ይህ ከቁጣ ይልቅ ለሐዘን የሚቀርብ ስሜት ነው፤ ሐዘን ደግሞ ድምፁን በመልመድ አይሽርም።

ሁለተኛው ቅሬታ የቅኝት ነው፤ በሙዚቃ ባለሙያዎች ዘንድም ክብደት አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ በክራርና በማሲንቆ ሲቃኙ በድምፅና በድምፅ መካከል ያለው ርቀት ከፒያኖ ቁልፎች እኩል ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በተለይ አንቺ ሆዬ በቁልፍ መሣሪያ ሲጫወቱት ጠርዙ ይዶለዱማል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ስላለው ጣት የትም ቦታ አርፎ ድምፁን ያገኛል፣ ከአንዱ ወደ ሌላውም ይንሸራተታል፤ የ1983ቱ ዲኤክስ7 ግን የመሣሪያውን ጠቅላላ ቁመት ከፍና ዝቅ ከማድረግ አልፎ እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው እንዲቃኙት አይፈቅድም ነበር። ይህን የፈቀደው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ተከታዩ ሞዴል ነው።

ቅሬታው በአመክንዮ ትክክል ቢሆንም የከሰሰው የተሳሳተውን ወገን ነው። አኮርዲዮኑም በእኩል ክፍፍል የተቃኘ ነው። ኦርጋኑም እንዲሁ። የሆቴሎቹ ፒያኖዎች፣ ፍሬት ያላቸው ጊታሮች፣ ቫይብራፎኑ፣ ሁሉም ቅኝቱን ወደ አሥራ ሁለቱ ድምፆች ያስጠጉት ሲንተሳይዘር ከመፈጠሩ ከአሥርተ ዓመታት በፊት ነው። ነባሩ አድማጭ የዋልያስን «ትዝታ» ሲሰማ ቅኝቱ ጎደለብኝ አላለም፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ በከንፈርና በትንፋሽ ድምፁን ወደሚፈልጉት ቦታ እየገፉ ቀዳዳውን ይደፍኑለት ነበርና። እዚህ ላይ የሁለተኛው ቅሬታ ጫፍ ሦስተኛውን ይነካል። ቅኝቱን ይጠብቅ የነበረው መሣሪያው ሳይሆን ተጫዋቹ ነበር።

ማን ማንን ይሰማል?

«ቼ በለው» ላይ ያለውን የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት» ለምሳሌ እንውሰድ። ቤዙ አንድ ሐረግ ይዞ ይደጋግማል፤ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ በአንድነት ዜማውን ያነሣሉ፤ ኦርጋኑ በመካከል ይገባል። ቤዝ ተጫዋቹ ሐረጉን ሲደግም በትክክል አንድ ዓይነት አድርጎ አይደግመውም። ትንፋሾቹ ሲጠነክሩ እሱም ይጠነክራል፣ ሲተዉለት ቦታውን በጥቂቱ ይሞላዋል። ድራሙ ሳክሱን ይሰማል፣ ሳክሱ ድራሙን ይሰማል፤ ኦርጋኑ ሁለቱንም ሰምቶ ይመልሳል። መደማመጡ በሁሉም አቅጣጫ ነው፤ በዚያች ቅጽበትም ይፈጸማል።

በመልቲትራክ የሚሠራ የአንድ ሰው ቀረጻ ሌላ ሕግ አለው። መጀመሪያ ምቱ ይቀመጣል፤ በምቱ ላይ ቤዙ፣ በቤዙ ላይ የሮድሱ አጀብ፣ በመጨረሻ አኮርዲዮኑ ይነባበራል። ኋላ የተቀዳው ፊት የተቀዳውን ይሰማል፤ ፊት የተቀዳው ግን ኋላ የሚመጣውን ሊሰማ አይችልም። አኮርዲዮኑ ምንም ያህል ቢያለቅስ የምት ማሽኑ አያዝንለትም፤ አኮርዲዮኑ ቢዘገይ ቤዙ አይጠብቀውም። መደማመጡ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። ነባሩ አድማጭ «ፕላስቲክ» ያለው ስሜት ሥሩ እዚህ ነው። ጆሮው ሂልተን ውስጥ በሁለት አቅጣጫ መደማመጥ ለምዶ ስለነበር፣ የአንደኛውን አቅጣጫ መዘጋት ምክንያቱን ሳይጠይቅ ተረዳው።

ኃይሉስ ይህን አላወቀም? የ«ሸሞንሟናዬ» አሠራር እንደሚያውቅ ይመሰክራል። የምት ማሽኑ አንድ አጭር ዑደት ይይዛል፤ ቤዙ በጥቂት ድምፆች ብቻ ይመላለሳል፤ የኤሌክትሪክ ፒያኖው አጀብ ሳሳ ያለ ነው። ልምድ ያነሰው አቀናባሪ ማሽን ሲያገኝ የሚሠራው ስሕተት የባንዱን ቦታ በሙሉ ለመሙላት መሞከር ነው፤ የሌለ ትራምፔት፣ የሌለ ጊታር፣ የሌለ የቫዮሊን ጓድ በቁልፍ እየጠራ ይደረድራል። ኃይሉ የሌለውን ሰው ድምፅ አላስመሰለም። ሳክስፎን በነበረበት ቦታ የሳክስፎን ቅጂ የለም፤ ባዶ ቦታ አለ። አጀቡን ሲቀዳ ገና ያልተጫወተውን አኮርዲዮን እንደሚያውቀው ሰው ተጫውቷል፤ ለሚመጣው ዜማ አስቀድሞ በሩን ከፍቶለታል።

ከዚያ አኮርዲዮኑ ይገባል። የአኮርዲዮን ድምፅ የሚወጣው ወናፉ የገፋው አየር ቀጫጭን የብረት ልሳኖችን ሲያርገበግብ ነው፤ ለአንድ ድምፅ ሁለት ልሳኖች በጥቂቱ ተለያይተው ሲቃኙ ደግሞ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ያ መንቀጥቀጥ ከሲንተሳይዘሩ ቀጥ ያለ ድምፅ አጠገብ ሲቀመጥ ይበልጥ የሰው ይመስላል። ወናፉ አቅጣጫ ሲቀይር የምትሰማው ትንሽ መቋረጥ እንደ ትንፋሽ መውሰጃ ትሆናለች። ኃይሉ የዜማውን ሐረግ ይዞ መጨረሻው ላይ በፍጥነት ያስጌጠዋል፣ ቅላጼውን እንደ ዘፋኝ ይሰብረዋል፣ አንዳንዴ ከምቱ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ መልሶ ይደርስበታል። ሁሉ ነገር ባንድ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ መቅረትና መድረስ ሌሎቹን ይዞ ይንቀሳቀስ ነበር። እዚህ ግን የሚንቀሳቀሰው አኮርዲዮኑ ብቻ ነው፤ መሬቱ ዝም ብሏል። በ«አምባሰል»ም ተመሳሳይ ነገር ይሰማል፤ ዜማው በጥንታዊ ቅኝቱ ይጓዛል፣ ማሽኑ ግን የጉዞውን ርዝማኔ አያውቅም።

ይህን በፈጠራ ድክመት መተርጎም ስሕተት ነው፤ እንደ ማሽን ድል መቁጠርም እንዲሁ። ሥራው በ1985 ስለነበረበት ሁኔታ የሚናገረውን በአሠራሩ ነው የተናገረው። የተበተነ ባንድ አባል፣ ከአገሩ ርቆ፣ የአገሩን ዜማ ብቻውን ይጫወታል፤ የሚመልስለት ሰው የለም፤ አለመኖሩንም አይደብቅም። ነባሩ አድማጭ ይህን ሲሰማ መውደዱና ቅር መሰኘቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። የሚወደው ያንኑ የሚያመውን ነገር ነው።

ያው ማሽን፣ ሌላ እጅ

ጥፋቱ የማሽኑ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እዚያው ዋሽንግተን አለ። በ1984፣ ከኃይሉ ካሴት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አድማስ የተባለ ባንድ «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተሰኘ ሸክላ አሳተመ። ተጫዋቾቹ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዮታ፣ ሔኖክ ተመስገንና ዩሱፍ ተስፋዬ ወጣቶች ነበሩ። በዚህ ሥራም ሲንተሳይዘርና የምት ማሽን ሞልቷል። የሚሰማው ግን ባንድ ነው፤ ሰዎቹ እየተቀባበሉ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየጨረሰ ይጫወታሉ። አንድ ከተማ፣ አንድ ዘመን፣ ተቀራራቢ መሣሪያ፣ ፍጹም የተለያየ ውጤት። ልዩነቱ በክፍሉ ውስጥ የነበረው የሰው ቁጥር ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው የአገር ቤቱ የኪቦርድ ዘመን በዚህ መስፈርት ሊመዘን ይገባል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንድ አቀናባሪ ከአንድ ኪቦርድ ጋር ተቀምጦ ሙሉ ካሴት ማውጣት የተለመደ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስምንት ሙዚቀኛ ለማለማመድ፣ ለመክፈልና ስቱዲዮ ለማስገባት የሚጠይቀው ወጪ ለአሳታሚውም ለዘፋኙም ከባድ ነበር። ዘፋኝ የመሆን በር ለብዙዎች ተከፈተ፤ በሌላ መንገድ ሊቀረጹ የማይችሉ ድምፆች ተቀረጹ። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ግን በዚያው ጊዜ ትራምፔት ነፊው፣ ሳክስ ተጫዋቹ፣ ድራመሩ ከስቱዲዮው ቀርተው የሠርግና የሆቴል ሥራ ብቻ ቀረላቸው። ኃይሉ ባንዱን ያጣው በስደት ነው፤ የአገር ቤቱ ገበያ ግን ባንዱን ያጣው በሒሳብ ስሌት ነው። የሁለቱ ወገን ካሴቶች ጎን ለጎን ቢደመጡ ተመሳሳይ መሣሪያ ሊሰማባቸው ይችላል፤ በአንደኛው ያለው ባዶ ቦታ የተተወ ነው፣ በሌላኛው ግን ባዶው በትራምፔት ቅጂ ተለስኗል። ነባሩ አድማጭ ሁለቱንም «ኪቦርድ» ብሎ በአንድ ላይ ሲወቅስ ፍርዱ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ውስጥም ማሽኑን ሌላ ያደረጉ ነበሩ። አበጋዝ ክብረወርቅ ወደ አገሩ ተመልሶ ከዋነኞቹ አቀናባሪዎች አንዱ ሲሆን፣ የሚያቀናብረው ባንድ ውስጥ ያደገ ጆሮ ይዞ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ያጠናው ኤልያስ መልካ፣ በ2001 የወጣውን የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ጨምሮ ባቀናበራቸው ሥራዎች፣ ኪቦርዱን ከእውነተኛ መሣሪያ ጋር እያቀላቀለ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ የተለየ ድባብ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በእነዚህ ሰዎች እጅ ማሽኑ የርካሽ ምትክነት ሥራ አልነበረውም።

ካሴቱ ሲመለስ

ኃይሉ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመዳል። የአሜሪካዊው ብራየን ሺምኮቪትዝ አሳታሚ፣ ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ፣ ባሕር ዳር የተገኘውን የ1985 ካሴት በ2013 እንደገና ሲያሳትም፣ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። «ቼ በለው»፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ»፣ በኋላም «ትዝታ» ተከትለው ታተሙ።

ለነባሩ አድማጭ ይህ መመለስ ሌላ ሁለት ዓይነት ስሜት አመጣ። ደስ ይላል፤ ክብር ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል። በሌላ በኩል የሥራዎቹ ቅደም ተከተል ተገለበጠ። የውጩ አድማጭ መጀመሪያ የተዋወቀው ብቸኛውን ኃይሉን ነው፤ ባንዱን ያገኘው በኋላ ነው። ስለዚህ የ1985ቱን ማሽን እንደ ውብ እንግዳ ነገር፣ እንደ ቀደመ የፈጠራ ድፍረት ሰማው። ድፍረቱ አለ፤ ይህ ንባብ ሐሰት አይደለም። ግን የጎደለውን ሳያውቁ የተረፈውን ብቻ ማድነቅ ግማሽ መስማት ነው። እዚህ ላይ የነባሩ አድማጭ ትዝታ የግል ናፍቆት ከመሆን አልፎ የሂስ ማስረጃ ይሆናል፤ ሥራው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ የማን እንደነበር በስም መጥራት የሚችለው እሱ ነውና።

ኃይሉ ራሱ ለዚህ ክርክር በ2018 መልስ ሰጥቷል። «ላላ በሉ» የተሰኘው አልበም ከድራመሩ ቶኒ ባክና ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር የተሠራ ነው። አኮርዲዮኑም ኪቦርዱም አሉ፤ ማሽኑ አልተወገዘም። ነገር ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚፈጀው «ትዝታ» ላይ አኮርዲዮኑ ወደ ኋላ ሲቀር ድራሙ አብሮት ይላላል፤ ኪቦርዱ ሲሞቅ ቤዙ ይከተላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ኢትዮጵያዊ አይደሉም፤ የሂልተንን ሌሊቶች አያውቁም። የሚሰማው መደማመጥ ግን የነባሩን አድማጭ ጆሮ ያረካል፤ ቅሬታው ከመጀመሪያውም ከዜግነትም ከመሣሪያም ጋር እንዳልነበረ ያሳያል። በ2020 የወጣው «የኔ ምርጫ» ላይ ደግሞ ከማሲንቆ መቺው ሰጠኝ አጥናው ጋር የቀድሞው የዋልያስ ሳክስፎን ተጫዋች ሞገስ ሀብቴ ተገኝቷል። ኪቦርዱ ከማሲንቆና ከሳክስ ጋር ሲቀመጥ የ1985ቱ ጥያቄ አልጠፋም፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቷል።

ለሂሱ የሚቀረው ሥራ

ዛሬ ኮምፒውተሩ የመልቲትራክን አንድ አቅጣጫ በከፊል ቀይሮታል። ፊት የተቀመጠው ምት ኋላ የመጣውን ዜማ ከሰማ በኋላ ሊታረም፣ ሊዘገይ፣ ሊቆረጥ ይችላል። ሙዚቀኛው እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል የመድረክ ስም በ2014 ባወጣው «ቀን ሰው»፣ ሚካኤል ሰይፉ በ2016ቱ «ዘላለም»፣ ሮፍናን በ2018ቱ «ነጸብራቅ» የአገር ባህል ድምፆችን በዚህ መንገድ ሠርተውባቸዋል። እነዚህን ሥራዎች «ቴክኖሎጂ ወይስ ባህል» በሚለው አሮጌ ጥያቄ መመርመር የትም አያደርስም። አንድ ማሲንቆ ተቀድቶ በኮምፒውተር ውስጥ ሲቆራረጥ፣ ማሲንቆ መቺው በሥራው አካሄድ ላይ ቃል ነበረው ወይስ ድምፁ ብቻ ተወሰደ? ምቱ ለዜማው ቦታ ለቀቀ ወይስ ዜማው በምቱ ልክ ተሸራረፈ? ጥያቄዎቹ በማዳመጥና ሠሪዎቹን በመጠየቅ የሚመለሱ ናቸው።

ለዚህም መጀመሪያ ስሞች ያስፈልጋሉ። ብዙዎቹ ካሴቶቻችን የዘፋኙንና የአቀናባሪውን ስም ይዘው፣ ቤዙን ማን እንደመታ፣ ትራምፔቱ የሰው ይሁን የቁልፍ፣ ምቱ የድራመር ይሁን የማሽን ሳይናገሩ ወጥተዋል። ያንን የሚያውቁት ተጫዋቾች አብዛኞቹ አርጅተዋል፤ ጥቂቶቹ አልፈዋል። እያንዳንዱ ካሴት ላይ ማን ከማን ጋር፣ በአንድ ክፍል ወይስ በየተራ እንደተጫወተ ከራሳቸው አንደበት መመዝገብ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችና የባህል መጽሔቶች አሁኑኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። መዝገቡ ከተሠራ፣ የኪቦርዱ ዘመን ካሴቶች በሙሉ አንድ ላይ ከመወቀስ ወጥተው አንድ በአንድ ይደመጣሉ፤ የ«ሸሞንሟናዬ»ም ቦታ በመካከላቸው በግልጽ ይታያል።